የኃይል ዋጋ፦ በሜካና በኢሴካይ አኒሜ አፍቃሪዎች ክርክር ውስጥ ያለው ጥያቄ

የጃፓን አኒሜ ተመልካቾች ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች መካከል ሳይበርድ የቆየው የሜካና የኢሴካይ ተከታታይ ፊልሞች ብልጫ ነው። ሜካ፣ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚያንቀሳቅሰው ግዙፍ ሮቦት የታሪኩ እምብርት የሆነበት ዘውግ ነው። ኢሴካይ በጃፓንኛ «ሌላ ዓለም» ማለት ሲሆን፣ የእኛን ዓለም የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ፣ ተነጥቆ ወይም ሞቶ እንደገና በመወለድ ወደ ሌላ ዓለም የሚሻገርበትን ታሪክ ያመለክታል። የሜካ ወገኖች ኢሴካይን ከኑሮ መሸሻ፣ ሁሉም በአንድ ምጣድ የተጋገረ፣ ያለ ድካም የሚገኝ ድልን የሚያወድስ ዘውግ ይሉታል። የኢሴካይ ወገኖችም በበኩላቸው ሜካ የአሻንጉሊት ማስታወቂያ ሆኖ የተወለደ፣ በጦር ሜዳ ስብከት የተጨናነቀ፣ ጊዜው ያለፈበት የአባቶች ፊልም ነው ሲሉ ይመልሳሉ።

ሁለቱም ክሶች ከፊል እውነት አለባቸው፤ ክርክሩ ሳይቋጭ የሚንከባለለውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ተከራካሪዎቹ የጣዕም ልዩነት አድርገው የሚወስዱት ነገር ሲመረመር፣ በአብዛኛው ለሥራው ገንዘቡን ማን እንዳወጣና ታሪኩን ማን እንደመረጠው የሚናገር ሆኖ ይገኛል። ከዚያም አልፎ ሁለቱ ዘውጎች የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ አቅም የሌለው ሰው ኃይልን እንዴት ያገኛል፣ ስላገኘውስ ምን ይከፍላል? ብልጫ የሚለካ ከሆነ መለኪያው ዘውጉ ሳይሆን ይህ ዋጋ መሆን ይገባዋል የሚለው የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስፖንሰሩና ሮቦቱ

የጃፓን የሮቦት ታሪክ ሰውን ማሽን ውስጥ በማስገባት አልጀመረም። የሚትሱተሩ ዮኮያማ «ቴትሱጂን 28-ጎ» በ1956 በሥዕላዊ ታሪክ መልክ መታተም ጀምሮ በ1963 ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ፣ ልጁ ሮቦቱን የሚመራው ከውጭ ቆሞ በመቆጣጠሪያ ሳጥን ነበር። ሳጥኑን የያዘ ሁሉ የሮቦቱ ጌታ ነው፤ መቆጣጠሪያው ከወንበዴ እጅ ከገባ ሮቦቱም ለወንበዴው ያድራል። በ1972 የጎ ናጋይ «ማዚንገር ዜድ» ይህን ርቀት አጠፋው። ኮጂ ካቡቶ የተባለው ወጣት ትንሿን በራሪ ተሽከርካሪ እየነዳ ሄዶ የሮቦቱ ራስ ላይ ሲያርፍ፣ እርሱ ራሱ የግዙፉ አካል አንጎል ይሆናል። ሮቦቱን የሠሩት አያቱ ናቸው፤ ለልጅ ልጃቸው አስረክበው ይሞታሉ። ለቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ዘውጉን የገዛው ምስል የተተከለው እዚህ ላይ ነው፦ ትልልቆቹ የሠሩት ማሽን፣ ውስጡ የተቀመጠ ልጅ፣ ልጁ ያልጀመረው ጦርነት።

ይህ ምስል የኪነ ጥበብ ግኝት የመሆኑን ያህል ሸቀጥም ነበር። የባንዳይ እኅት ኩባንያ የነበረው ፖፒ በ1974 «ቾጎኪን» የተባሉትን ከብረት ቅይጥ የተሠሩ የማዚንገር አሻንጉሊቶች ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ የቴሌቪዥን ሮቦትና የሱቅ መደርደሪያ ሮቦት አንድ ሆኑ። ስፖንሰሩ የሚሸጠው ጀግናውን ሮቦት ስለሆነ፣ በየሳምንቱ አዲስ ጠላት እየመጣ በጀግናው መሣሪያ መደምሰሱ የንግዱ ሥርዓት የሚጠይቀው ነበር። የኢሴካይ ወገኖች «የአሻንጉሊት ማስታወቂያ» ሲሉ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ አልተሳሳቱም። የሚስቱት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

በሚያዝያ 1979 በዳይሬክተር ዮሺዩኪ ቶሚኖ መሪነት የተጀመረው የኒፖን ሰንራይዝ «ሞባይል ሱት ጋንዳም» በዚያው የንግድ ማሰሪያ ውስጥ ሆኖ ማሰሪያውን ሊበጥስ የሞከረ ሥራ ነው። ስፖንሰሩ ክሎቨር የተባለ የአሻንጉሊት ኩባንያ ሲሆን፣ ገዢዎቼ የሚላቸው ትናንሽ ልጆችን ነበር። ቶሚኖ ያቀረበው ግን ስደተኞችን ጭና የምትንከራተት የጦር መርከብ፣ የሚራቡና የሚጣሉ ወጣቶች፣ በስም የሚጠሩና የሚታዘንላቸው ጠላቶች ያሉበት ጦርነት ነበር። ሮቦቶቹም እንደ ታንክ በብዛት የሚመረቱ የጦር መሣሪያዎች ሆኑ። ስፖንሰሩ በበኩሉ ለሽያጭ የሚመች ተጨማሪ መሣሪያ እንዲገባ ይጠይቅ ነበር፤ «ጂ-አርመር» የተባለው ከጋንዳም ጋር የሚገጣጠም ተሽከርካሪ የመጣው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ተከታታዩ በኋላ ለሲኒማ ተሰብስቦ ሲቀርብ ቦታውን «ኮር ቡስተር» ለተባለ ተራ ተዋጊ አውሮፕላን መልቀቁ የአዘጋጆቹን ምርጫ ይጠቁማል። የተመልካቹ ቁጥር አነስተኛ ስለነበር 52 ክፍል እንዲሆን የታሰበው ሥራ በ43ኛው ክፍል በጥር 1980 ተቋረጠ።

ጋንዳምን ያዳነው ሌላ ገዢ ነው። ባንዳይ በሐምሌ 1980፣ ማለትም ፊልሙ ከተቋረጠ ከግማሽ ዓመት በኋላ፣ ከ144 እጅ አንድ እጅ መጠን ያለውን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል በ300 የን መሸጥ ጀመረ። ይህን የሚገዛው ራሱ ቆርጦ፣ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ የሚሠራ ወጣት ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ደግሞ ተርታው የጠላት ሮቦት «ዛኩ» ከጀግናው ሮቦት አያንስም፤ እንዲያውም በብዛት የሚመረት መሣሪያ በመሆኑ አሥሩን ገዝቶ አንድ የጦር ክፍል ማሰለፍ ይቻላል። የፊልሙ ጥብቅ የጦርነት ዓለምና የአዲሱ ሸቀጥ ጠባይ ተገናኙ። በየካቲት 1981 የመጀመሪያው የሲኒማ ቅጂ ሊወጣ ሲል አፍቃሪዎቹ በቶኪዮ ሺንጁኩ ተሰብስበው የአኒሜ አዲስ ዘመን መጀመሩን ያወጁበት ስብሰባ የዚህ ግንኙነት ውጤት ነው። እንግዲህ ዛሬ «ቁም ነገረኛ» የሚባለው ሜካ የጸናው ከንግድ ርቆ አይደለም፤ ዕድሜው ከፍ ያለ ገዢ የሚፈልገውን የንግድ ዓይነት በማግኘቱ ነው።

ደረጃ ሰንጠረዡና ሌላው ዓለም

ወደ ሌላ ዓለም መሻገር በጃፓን ትረካ ውስጥ ጥንታዊ ነው። በኤሊ ጀርባ ወደ ባሕር ሥር ቤተ መንግሥት ሄዶ ሲመለስ መንደሩ በዘመናት ርቆ የሚያገኘውን የዓሣ አጥማጁን የኡራሺማ ታሮን ተረት የማያውቅ ጃፓናዊ የለም ማለት ይቻላል። የፉዩሚ ኦኖ «አሥራ ሁለቱ መንግሥታት» ልቦለድ በ1992 መታተም ሲጀምርም መሻገሩ ለጀግናዋ ከባድ የስደት መከራ ነበር። ዛሬ ክርክር የሚነሣበት ኢሴካይ ግን ከዚህ መሥመር በቀጥታ የወረደ አይደለም። መነሻው በ2004 የተከፈተው «ሾሴትሱካ ኒ ናሮ»፣ ትርጉሙም «ልቦለድ ጸሐፊ እንሁን» የሆነ፣ ማንም ጽፎ የሚያቀርብበትና ማንም በነጻ የሚያነብበት የልቦለድ ድረ ገጽ ነው።

የዚህን ድረ ገጽ አሠራር ማየት የዘውጉን ጠባይ ለመረዳት ግማሽ መንገድ ነው። ጸሐፊው ሥራውን ምዕራፍ በምዕራፍ ያቀርባል፤ አንባቢው ነጥብ ይሰጣል፣ የወደደውንም ለይቶ ያስቀምጣል፤ ነጥቡ ተደምሮ ሥራው በየዕለቱ በሚታደስ ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ይወጣል ወይም ይወርዳል። አሳታሚዎች ከሰንጠረዡ አናት እየመረጡ «ላይት ኖቭል» በሚባለው ሥዕል የታከለበት የወጣቶች መጽሐፍ መልክ ያትማሉ፤ መጽሐፉ ከተሸጠ ሥዕላዊ ታሪክ፣ ከዚያም አኒሜ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ጸሐፊው አንባቢውን በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ካልያዘ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ርዕሱ ራሱ የታሪኩን ጭብጥ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ዓለሙም «ድራገን ኩዌስት»ን ከመሳሰሉ የቪዲዮ ጨዋታዎች የሚታወቀው ዓለም በመሆኑ አስማተኛው፣ የጀብደኞች ማኅበሩና ጭራቁ ማብራሪያ አይጠይቁም። የሞትና የመሻገር መግቢያውም የጋራ ንብረት ሆነ። ባለታሪኩን ገጭቶ ወደ ሌላ ዓለም የሚልከው የጭነት መኪና እጅግ በመደጋገሙ፣ «ኮኖሱባ» ላይ ካዙማ የተባለው ልጅ ቀስ ብሎ የሚመጣን ትራክተር የጭነት መኪና መስሎት በድንጋጤ ይሞታል። ይህ ቀልድ በ2016 በቴሌቪዥን ሲታይ ተመልካቹ ሥርዓቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በዚያው ዓመት ድረ ገጹ በሌላ ዓለም የመወለድና ወደ ሌላ ዓለም የመሻገር ታሪኮችን ከዋናው የደረጃ ሰንጠረዥ ነጥሎ ለብቻቸው አስቀመጠ።

ስለሆነም «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ክስ ሥራዎቹ የተመረጡበትን መንገድ በትክክል ይገልጻል። አኒሜው ሳይጠናቀቅ መቅረቱም እንዲሁ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አሳታሚው በአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣው 12 ወይም 13 ክፍል የሚሆነው ፊልም መጽሐፉን እንዲያሻሽጥለት ነው። ሮቦት የሚሸጥ ስፖንሰር ሮቦቱ በየሳምንቱ እንዲዋጋ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ መጽሐፍ የሚሸጥ አሳታሚም ተመልካቹ ቀሪውን ታሪክ ፍለጋ ወደ መጽሐፉ እንዲሄድ ይፈልጋል። አንዱን ንግድ፣ ሌላውን ኪነ ጥበብ ብሎ መከራከር ከዚህ በኋላ አያስኬድም።

ክፍፍሉ ከመምጣቱ በፊት

ተከራካሪዎቹ አዘውትረው የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ሁለቱ ዘውጎች ለረጅም ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ጋንዳምን የፈጠረው ቶሚኖ ራሱ በ1983 «አውራ ባትለር ዳንባይን» የተባለውን 49 ክፍሎች ያሉት ሥራ አቀረበ። ሾ ዛማ የተባለ የቶኪዮ ወጣት «ባይስተን ዌል» ወደተባለ፣ ግንቦችና ትናንሽ ክንፋም ፍጥረታት ወዳሉበት ዓለም ተጠርቶ ይሄዳል፤ የተጠራውም በሕይወት ኃይል የሚንቀሳቀሱና ነፍሳት የሚመስሉ የጦር ማሽኖችን እንዲያበር ነው። ይህ ዛሬ ቢጻፍ ያለ ጥርጥር ኢሴካይ ይባላል። ክሎቨር ይህንንም ስፖንሰር አድርጎ ነበር፤ ኩባንያው የከሰረው ፊልሙ በመታየት ላይ ሳለ ነው።

ዳንባይንን ከዛሬዎቹ የሚለየው መሻገሩ ወዴት እንደሚያደርስ የያዘው አቋም ነው። በታሪኩ አጋማሽ ላይ በሩ ወደ ኋላም ይከፈታል፤ የሌላው ዓለም ማሽኖችና ጌቶቻቸው ወደ ምድር ይመጣሉ፣ ጦርነታቸውም የምድር ጦርነት ይሆናል። ሾ ወደ ቶኪዮ ሲመለስ ቤቱ የሚቀበለው ልጅ አይደለም። በመጨረሻም እርሱን ጨምሮ ተዋጊዎቹ ያልቃሉ፤ ታሪኩን የምትናገር አንዲት ትንሽ ክንፋም ፍጥረት ብቻ ትቀራለች። በሌላ ዓለም የተገኘ ኃይል እዚያው አይቀርም፤ ሂሳቡን ይዞ ቤት ድረስ ይከተላል።

ከዚያ በኋላም ሰንራይዝ በ1988 ለልጆች ያዘጋጀው «ማሺን ሂሮ ዋታሩ»፣ በ1994 ወደ አኒሜ የመጣው የክላምፕ «ማጂክ ናይት ሬይርዝ» እና በ1996 የተጀመረው «የኤስካፍሎውን ራእይ» ሁሉ ሌላውን ዓለምና ግዙፉን ማሽን አጣምረዋል። በሬይርዝ ሦስት ተማሪዎች ከቶኪዮ ማማ ላይ ተጠርተው «ልዕልቲቱን አድኑ» ይባላሉ፤ ማሽኖቹን ሁሉ ካነቁ በኋላ ግን የተጠሩት ልዕልቲቱን እንዲገድሉ መሆኑን፣ የጠራቻቸውም እርሷው መሆኗን ይረዳሉ። በኤስካፍሎውን ደግሞ ንጉሡ ቫን ከማሽኑ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ማሽኑ ላይ ያረፈው ምት የእርሱ አካል ላይ ቁስል ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም በዋናነት ለሴት ልጆች የተሰናዱ ወይም ሴት ልጆችን ጭምር ያሰቡ ሥራዎች መሆናቸው፣ «ሜካ የአባቶች ፊልም ነው» ለሚለው ክስ ጥሩ ማፍረሻ ነው። ክፍፍሉ እንግዲህ በዘውጎቹ ተፈጥሮ ውስጥ አልነበረም፤ የገንዘቡ ምንጭ ከአሻንጉሊት ኩባንያ ወደ መጽሐፍ አሳታሚ ሲዞር የመጣ ነው። ለአሳታሚ ማሽኑ አያስፈልገውም። ለማሳያ ክፍሉ ሠዓሊዎችም ማሽን በእጅ መሳል እጅግ አድካሚ ሥራ ነው።

ዕድሜና ዋጋ

ሁለቱን ዘውጎች በእርግጥ የሚለያቸው የባለታሪኩ የዕድሜ አቅጣጫ ነው። የሜካ ጀግና ያለ ዕድሜው ትልቅ ሰው እንዲሆን የሚገደድ ልጅ ነው። የጋንዳሙ አሙሮ ሬይ ሮቦቱን ከሠሩት ባለሙያዎች የአንዱ ልጅ ሲሆን፣ መንደሩ በተጠቃ ቀን የወደቀውን የአጠቃቀም መመሪያ አንሥቶ እያነበበ ይገባበታል። በኋላ አባቱን በሕይወት ያገኘዋል፤ አባትዬው ግን በአየር እጦት አእምሮው ተጎድቷል፤ ለልጁም ሮቦቱን ያሻሽላል ብሎ ጊዜ ያለፈበት የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሰጠዋል። አሙሮ ዕቃውን ወርውሮ ይጥለዋል። በዘውጉ ውስጥ ስለ ውርስ ከተነገረው ሁሉ ይህ ትዕይንት ሳይበልጥ አይቀርም፤ ማዚንገር ላይ አያት ለልጅ ልጅ ያስረከቡት ኃይል እዚህ ላይ ዋጋ ቢስ ቁራጭ ሆኖ ወደቀ። በ1995 የሂዴያኪ አኖ «ኒዮን ጀነሲስ ኢቫንጌሊየን» ሲመጣ የ14 ዓመቱ ሺንጂ የራቀው አባቱ ድንገት ጠርቶት «ግባ» የሚለው ልጅ ነው፤ መግባት ራሱ ቁስል ሆነ።

የኢሴካይ ጀግና በተቃራኒው ልጅነቱን እንደገና እንዲጀምር የሚፈቀድለት ትልቅ ሰው ነው። «ያ ጊዜ አተላ ሆኜ የተወለድኩበት» እየተባለ ሊተረጎም በሚችለው የፉሴ ሥራ ባለታሪኩ የ37 ዓመት የግንባታ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። የሪፉጂን ና ማጎኖቴ «ሙሾኩ ቴንሴይ»፣ ስሙም «የሥራ አጡ ዳግም ልደት» የሚል፣ በ34 ዓመቱ ከቤተሰቡ ቤት የተባረረ፣ ለዓመታት ከክፍሉ ያልወጣ ሰው ይዞ ይነሣል። ይህ ሥራ በድረ ገጹ መቅረብ የጀመረው በ2012 ነው። ባለታሪኩ በዚያ ዓመት 34 ነበር ብንል የተወለደው በ1978 አካባቢ ነው፤ የጃፓን የሀብት አረፋ ከፈነዳ በኋላ ለወጣቶች ሥራ የጠፋበት፣ «የቅጥር በረዶ ዘመን» የሚባለው ጊዜ ትምህርት ቤት ጨርሶ ሥራ የሚፈልግበት ዕድሜ ላይ አግኝቶታል ማለት ነው። ጋንዳም ሲጀመር ሕፃን፣ ኢቫንጌሊየን ሲታይ ጎረምሳ ነበር።

በዚህ ስሌት ሲታይ የኢሴካይ ጀግና ለሜካ ባዕድ አይደለም፤ ያደገ የሜካ ተመልካች ነው። ሜካ ለልጁ «ትልልቆቹ የሠሩት ማሽን ይጠብቅሃል፣ ከባድ ነው፣ ግን የአንተ ነው» ብሎት ነበር። አደገ፤ ማሽኑ አልመጣም፤ ቋሚ ሥራም አልመጣም። ከውርስ የቀረ ሰው የሚመኘው እንደገና መወለድን ነው። የሜካ ወገኖች «መሸሻ» ሲሉ የሚነቅፉት ይህ ምኞት የተስፋቸው ፍርስራሽ መሆኑን ቢያስተውሉ፣ ንግግሩ ቢያንስ ይለዝብ ነበር።

ይህ አነጋገር በቃል በቃሉ የተፈጸመበት ሥራ አለ። በድረ ገጹ በ2010 የተጀመረውና በ2017 አኒሜ የሆነው «ናይትስ ኤንድ ማጂክ» ውስጥ፣ የሮቦት ሞዴል የሚወድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ በመኪና አደጋ ሞቶ፣ ባላባቶች ግዙፍ ሮቦት በሚነዱበት መንግሥት ኤርኔስቲ ተብሎ ይወለዳል። ሁለቱን ወገኖች ሊያስታርቅ የሚገባው ይህ ሥራ ነበር። ነገር ግን ኤርኔስቲ ማሽኑን የሚወደው እንደ መጫወቻ ነው፤ ጦርነቱም ለአዲስ ንድፉ መፈተኛ ይሆንለታል። ደስታው ተላላፊ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ንድፎቹን የሚያሻሽልበት መንገድም የፕሮግራም ባለሙያ አስተሳሰብን በሚገባ ያሳያል። ሮቦቱ ተመልሶ መጣ፤ ሸክሙ ግን አብሮ አልመጣም። ሜካ የሚያደርገው ማሽኑ ነው ወይስ ዋጋው የሚለውን ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሚያደርግ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

በሌላ በኩል ማሽን የሌለበት ኢሴካይ ዋጋውን ሊያስከፍል ይችላል። የታፔይ ናጋትሱኪ «ሬ ዜሮ»፣ በ2016 አኒሜ የሆነው፣ ለሱባሩ የሰጠው ኃይል ሞቶ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ሞት ያስታውሳል፤ ለማንም ሊናገር አይችልም፤ ያጽናናቸውና ያዳናቸው ሰዎች ጊዜው ሲታጠፍ አያውቁትም። የሃያሲው ሂሮኪ አዙማ በ2007 መጽሐፍ ላይ የጨዋታ ዓይነት እውነታ እያለ የገለጸው፣ መሞትና እንደገና መጀመር የትረካ ጉዳይ የሚሆንበት ሁኔታ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። አዙማ ከተነተናቸው ሥራዎች አንዱ በ2004 የታተመው የሂሮሺ ሳኩራዛካ «ኦል ዩ ኒድ ኢዝ ኪል» መሆኑም የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም እየሞተ የሚመለሰው ባለታሪክ ኃይል ሰጪ የማሽን ልብስ የለበሰ ወታደር ነው። ኢሴካይ የሚባለው ስቃይና ሜካ የሚባለው ልብስ አንድ ገላ ላይ ናቸው።

ይኸው አዙማ በ2001 ያቀረበው ሌላ ሐሳብ በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ኤይጂ ኦትሱካ በ1989 አድናቂዎች ቁርጥራጭ ሸቀጥ የሚገዙት ከጀርባው ያለውን ታላቅ ትረካ ለመድረስ ነው ሲል፣ አዙማ ከኢቫንጌሊየን ወዲህ የሚፈለገው ትረካው መሆኑ ቀርቶ ባሕርያት ተለቅመው የሚገጣጠሙበት የመረጃ ቋት ነው አለ። በዚህ መሠረት ጋንዳምን ለመጀመሪያው፣ ኢሴካይን ለሁለተኛው ማደል ይቀላል። ሐሳቡ ያስረዳል፤ ግን ከልክ በላይ ይለጠጣል። የጋንዳም አፍቃሪ የዘመን ቅደም ተከተሉን እንደሚያጠና ሁሉ የማሽኖቹን ክብደት፣ ዓይነትና መለዋወጫ በካታሎግ ይለቅማል፤ ያም ቋት ነው።

ክርክሩን የሚያዛባ አንድ ተራ ነገርም አለ። ሜካን ለመከላከል የሚጠሩት ሥራዎች ከሃምሳ ዓመት ወንፊት ያለፉ ናቸው፤ በየሳምንቱ ጭራቅ እየደመሰሱ የተረሱት በርካታ ተከታታዮች አይጠሩም። ኢሴካይ የሚከሰሰው ደግሞ በዚህ ወቅት በሚታዩት ሁሉ ነው። ከጃፓን ውጭ ያለው ተመልካችም የየትውልዱ መግቢያ በር ይለያያል። ፈረንሳይ ውስጥ በ1978 «ጎልዶራክ» ተብሎ በታየው ግሬንዳይዘር፣ አሜሪካ ውስጥ በ1985 ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ተገጣጥመው በተሠራው «ሮቦቴክ» ወይም በ2000 በቴሌቪዥን በታየው «ጋንዳም ዊንግ» የገባ ሰው አኒሜ ማለት ለእርሱ ሮቦት ነው፤ በኢንተርኔት ሥርጭት ዘመን የገባው ግን በየወቅቱ የሚያገኘው ኢሴካይን ነው። እያንዳንዱ የሚከላከለው ዘውጉን ይመስለዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚከላከለው የገባበትን በር ነው።

ወደ «ሙሾኩ ቴንሴይ» መመለስ ያስፈልጋል፤ በአኒሜው የጀመሩት ብዙዎች ገና ያልደረሱበት ነገር በልቦለዱ ውስጥ አለ። ሩዴውስ ተብሎ የተወለደው የቀድሞው ሥራ አጥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአስማት የላቀ ነው፤ የሜካ ወገኖች የሚነቅፉት ያለ ድካም የተገኘ ኃይል ያለው ይመስላል። ይሁን እንጂ የዚያ ዓለም ተዋጊዎች ሰውነታቸውን የሚያጠነክሩበት የውጊያ መንፈስ ለእርሱ አልተሰጠውም፤ ገላው ደካማ ነው። ጎልማሳ ሆኖ ቤተሰብ ከመሠረተ በኋላ ሚስቶቹንና ልጁን ለማትረፍ ሊያሸንፈው የማይችለውን ኦርስቴድን እንዲገድል ሲገፋፋ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሚሠራው ግዙፍ የአስማት ጥሩር ነው። ውስጡ ይገባል፤ በራሱ ኃይል ያንቀሳቅሰዋል፤ ጥሩሩም ያንን ሰፊ የአስማት ኃይሉን በፍጥነት ይጠጣዋል። ያለ ውርስ የቀረው ሰው ማሽኑን በገዛ እጁ ሠርቶ ገባበት ማለት ነው። በውጊያው ጥሩሩ ይሰባበራል፣ ኃይሉ ያልቃል፣ ይሸነፋል፤ ከዚያም በኋላ ቤተሰቡ እንዲተርፍለት ሊገድለው ለመጣው ለዚያው ለኦርስቴድ ያድራል።